የካታሎግና የመረጃ ቋት ፍለጋ ለተማሪዎች ጥናት

የካታሎግና የመረጃ ቋት ፍለጋ ማለት ለአንድ ጥናት የሚያስፈልጉ መጻሕፍትን፣ የጆርናል ጽሑፎችን፣ የመመረቂያ ጥናቶችንና ሪፖርቶችን ከቤተ መጻሕፍት ዝርዝርና ከኮምፒውተር መዝገቦች በዘዴ ፈልጎ የማግኘት ሥራ ነው። ተማሪ የጥናት ርዕስ ሲመርጥ፣ የቀደሙ ጥናቶችን ሲቃኝና የራሱን ውጤት ከሌሎች ጋር ሲያነጻጽር ይህ ሥራ ያስፈልገዋል። የፍለጋው ውጤት በአብዛኛው የሚወሰነው በቃላት ምርጫ ነው፤ ካታሎግ የተጻፈለትን ፊደል ያመሳክራል እንጂ ፈላጊው ያሰበውን አያውቅም።

በሰሜን ጎንደር ዞን የሚገኙት ደባርቅና ዳባት፣ እንዲሁም የስሜን ተራሮች ግርጌ ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ናቸው። የስሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ በ1969 እ.ኤ.አ. በሕግ የተቋቋመ፣ በ1978 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ የገባ፣ ከ1996 እስከ 2017 እ.ኤ.አ. ደግሞ አደጋ ላይ ባሉ ቅርሶች ዝርዝር ውስጥ የቆየ ስለሆነ ብዙ ተጽፎበታል። በዳባት ወረዳም የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ከ1996 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የነዋሪዎችን ልደት፣ ሞትና ዝውውር የሚመዘግብ የጤናና የሥነ ሕዝብ ክትትል ጣቢያ አለው። ሆኖም እነዚህ ጥናቶች በተለያየ ቋንቋ፣ በተለያየ አጻጻፍና በተለያየ የዘመን አቆጣጠር ተመዝግበው ይገኛሉ። አንድ ቃል ብቻ ጽፎ የሚፈልግ ተማሪ ብዙውን ሳያይ ያልፍና «በዚህ ርዕስ ላይ ከዚህ በፊት ጥናት አልተደረገም» ብሎ ሊጽፍ ይችላል።

የካታሎግና የመረጃ ቋት ልዩነት

ካታሎግ አንድ ቤተ መጻሕፍት ያሉትን መጻሕፍትና ሌሎች ንብረቶች የሚዘረዝር መዝገብ ነው። ቀድሞ በመሳቢያ ውስጥ በተደረደሩ ካርዶች ይዘጋጅ ነበር፤ ለአንድ መጽሐፍ የደራሲ፣ የርዕስና የርዕሰ ጉዳይ ካርድ ይጻፍለታል። ዛሬ ይኸው መረጃ እንደ ኮሃ ባሉ ሶፍትዌሮች በኮምፒውተር ይያዛል። ካታሎግ መጽሐፉ መኖሩንና የተቀመጠበትን መደርደሪያ ይነግራል፤ በአብዛኛው ግን የመጽሐፉን ውስጥ አይፈልግም። ስለ ደባርቅ አንድ ሙሉ ምዕራፍ ያለው መጽሐፍ ርዕሱ ስለ ኢትዮጵያ ብቻ የሚናገር ከሆነ «ደባርቅ» ተብሎ ሲፈለግ አይወጣም። ስለዚህ በካታሎግ ፍለጋ ከጠባቡ ስም ወደ ሰፊው መሄድ ይጠቅማል፦ ከደባርቅ ወደ ስሜን፣ ከስሜን ወደ ጎንደር፣ ከጎንደር ወደ ኢትዮጵያ።

አንድ ጠቃሚ መጽሐፍ ከተገኘ በኋላ የመደርደሪያ ቁጥሩን ማየት ተመሳሳይ መጻሕፍትን ያስገኛል። በዲዊ የአመዳደብ ዘዴ የኢትዮጵያና የኤርትራ ታሪክ በ963 ሥር ይገኛል፤ በአሜሪካ ኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት አመዳደብ ደግሞ የኢትዮጵያ ታሪክ ከ«ዲ-ቲ» 371 እስከ 390 ባለው ክፍል ነው። ስለ ተራሮቹ እንስሳትና ዕፅዋት የተጻፉ መጻሕፍት ግን በሥነ ሕይወት ክፍል ስለሚመደቡ ከታሪክ መጻሕፍት አጠገብ አይገኙም።

የመረጃ ቋት በአንድ ቤተ መጻሕፍት ንብረት አይወሰንም፤ ከብዙ ጆርናሎች የተሰበሰቡ ጽሑፎችን ይዘረዝራል። የመረጃ ቋቶች የሚፈልጉበት ጥልቀት ይለያያል። የሕክምና ጽሑፎችን የሚዘረዝረው ፐብሜድ በዋናነት ርዕስን፣ አጭር ማጠቃለያን፣ ቁልፍ ቃላትንና የደራሲዎችን አድራሻ ይፈልጋል። ጉግል ስኮላር ግን የቻለውን ያህል የጽሑፉን ሙሉ ይዘት ይፈልጋል። ስለዚህ የዳባት ስም በዘዴው ክፍል ውስጥ ብቻ የተጠቀሰበት ጽሑፍ በፐብሜድ ላይወጣ፣ በጉግል ስኮላር ግን ሊወጣ ይችላል።

ጥያቄን ወደ ቃላት መቀየር

ሙሉ ዓረፍተ ነገር በፍለጋ ሳጥን ውስጥ መጻፍ በአብዛኛው ጥሩ ውጤት አያመጣም። ጥያቄውን በሁለት ወይም በሦስት ዋና ሐሳቦች መክፈልና ለእያንዳንዱ ሐሳብ ሌሎች ስሞቹን መዘርዘር ይሻላል።

ለምሳሌ በ2016 እ.ኤ.አ. በፓርኩ ውስጥ የነበረው የግጭ መንደር ነዋሪዎች ወደ ደባርቅ ተዛውረዋል። «ከግጭ የተዛወሩ ነዋሪዎች ኑሯቸው እንዴት ተለወጠ?» የሚል ጥያቄ ሦስት ሐሳቦች አሉት፦

- ቦታ፦ ግጭ፣ ስሜን ተራሮች፣ ደባርቅ
- ድርጊት፦ መዛወር፣ ሰፈራ፣ መፈናቀል፤ በእንግሊዝኛ ሪሎኬሽን፣ ሪሴትልመንት፣ ዲስፕሌስመንት
- ውጤት፦ ኑሮ፣ ገቢ፣ መተዳደሪያ፤ በእንግሊዝኛ ላይቭሊሁድ፣ ኢንካም

በድርጊት ሥር ያሉት ሦስት የእንግሊዝኛ ቃላት አንድ ዓይነት ትርጉም የላቸውም። መንግሥታዊ ሪፖርት «ሪሎኬሽን» የሚለውን፣ የተቃውሞ አስተያየት ያለው ጽሑፍ ደግሞ «ዲስፕሌስመንት» የሚለውን ሊመርጥ ይችላል። በአንዱ ቃል ብቻ የፈለገ ተማሪ የክርክሩን አንድ ወገን ብቻ አንብቦ ሊጨርስ ይችላል።

ማገናኛ ቃላትና ምልክቶች

አብዛኞቹ የመረጃ ቋቶች የሚጠቀሙባቸው ማገናኛ ቃላት በእንግሊዛዊው የሒሳብ ሊቅ ጆርጅ ቡል (1815–1864 እ.ኤ.አ.) ሥራ ላይ የተመሠረቱ ናቸው። ቃላቱ በላቲን ትላልቅ ፊደላት ይጻፋሉ።

- «ኤንድ» (እና)፦ ሁለቱም ቃላት ያሉበትን ብቻ ያመጣል፤ ውጤትን ያጠባል።
- «ኦር» (ወይም)፦ ከቃላቱ አንዱ ያለበትን ሁሉ ያመጣል፤ ውጤትን ያሰፋል።
- «ኖት» (ሳይጨምር)፦ አንድ ቃል ያለበትን ያስወጣል። ጠቃሚ ጽሑፍንም አብሮ ሊያስወጣ ስለሚችል በጥንቃቄ መጠቀም ያስፈልጋል።
- ትእምርተ ጥቅስ፦ ቃላቱ በቅደም ተከተላቸው አንድ ላይ እንዲፈለጉ ያደርጋል።
- ኮከብ ምልክት፦ በቃል መጨረሻ ላይ ሲጻፍ ልዩ ልዩ ቅጥያዎችን ያካትታል። በፐብሜድና በጄስቶር ይሠራል፤ በጉግል ስኮላር አይሠራም።

ከላይ ያለው የግጭ ጥያቄ በእነዚህ ሲቀናበር፣ አንድን ቦታ የሚያመለክቱ ስሞች በ«ኦር» ተያይዘው በቅንፍ ውስጥ ይገባሉ፤ ከዚያም ሦስቱ ቅንፎች በ«ኤንድ» ይያያዛሉ፦ (ግጭ ኦር ስሜን) ኤንድ (ሪሎኬሽን ኦር ሪሴትልመንት ኦር ዲስፕሌስመንት) ኤንድ (ላይቭሊሁድ ኦር ኢንካም)። ውጤቱ በጣም ካነሰ መጀመሪያ የሚነሣው ሦስተኛው ቅንፍ ነው፤ ስለ መዛወሩ የተጻፈ ጽሑፍ ስለ ኑሮ የሚናገረውን በማጠቃለያው ላይ ላይጠቅስ ይችላልና።

የቦታ ስሞች አጻጻፍ

የኢትዮጵያ የቦታ ስሞች በላቲን ፊደል የሚጻፉበት አንድ ወጥ ደንብ በሁሉም ዘንድ ሥራ ላይ አልዋለም። «ስሜን» ቢያንስ በአራት መንገድ ይጻፋል። ዩኔስኮ ኤስ-አይ-ኤም-አይ-ኢ-ኤን ብሎ ይጽፈዋል። በአካባቢው የሠሩ የስዊዘርላንድ ተመራማሪዎች ግን ኤስ-አይ-ኤም-ኢ-ኤን የሚለውን መርጠዋል፤ በርንሃርድ ኒቨርጌልት ስለ ዋልያ በ1981 እ.ኤ.አ. ያሳተመው መጽሐፍና ሐንስ ሁርኒ ከኤፋ ሉዲ ጋር በ2000 እ.ኤ.አ. ያወጣው የፓርኩና የአካባቢው ጥናት በዚህ አጻጻፍ ይገኛሉ። ኤስ-ኢ-ኤም-አይ-ኢ-ኤን እና ኤስ-ኢ-ኤም-ኢ-ኤን የሚሉም አሉ። የመጨረሻው በእንግሊዝኛ «የዘር ፈሳሽ» ማለት ስለሆነ ብቻውን ሲፈለግ የእንስሳት እርባታና የሕክምና ጽሑፎችን ያመጣል፤ «ተራሮች» ከሚለው የእንግሊዝኛ ቃል ጋር በትእምርተ ጥቅስ መፈለግ አለበት።

«ደባርቅ»ም ተመሳሳይ ችግር አለበት። በተለመደው አጻጻፉ (ዲ-ኢ-ቢ-ኤ-አር-ኬ) በእንግሊዝኛ «የግንድ ቅርፊት መላጥ» የሚል ግሥ ስለሆነ የደን ውጤቶች ጽሑፎች ይቀላቀላሉ። «ኢትዮጵያ» ወይም «ጎንደር» የሚለውን በ«ኤንድ» መጨመር ያጠራዋል። በመጨረሻው ፊደል ፈንታ ኪው የሚጽፉም ስላሉ ሁለቱን በ«ኦር» ማያያዝ ያስፈልጋል። የኮንግረስ ቤተ መጻሕፍትን የአጻጻፍ ሠንጠረዥ በሚከተሉ ካታሎጎች ደግሞ የግዕዝ ፊደል የመጀመሪያ ድምፅ በ«ኤ» ስለሚወከል ደባርቅ በ«ዲ-ኤ» ይጀምራል። የግጭ መንደርም በአንዳንድ ጽሑፎች በአንድ «አይ»፣ በሌሎች በሁለት «ኢ» ተጽፎ ይገኛል።

ብዙ የጤና ጽሑፎች በርዕሳቸው ላይ የከተማውን ስም ትተው «ሰሜን ምዕራብ ኢትዮጵያ» ብቻ ይላሉ። ይህን ሐረግ በእንግሊዝኛ ከበሽታው ወይም ከርዕሰ ጉዳዩ ስም ጋር መፈለግ በዳባት ስም ብቻ የማይገኙ ጥናቶችን ያወጣል።

የአስተዳደር ክልሎች ስምም ተለዋውጧል። እስከ አብዮቱ ድረስ አካባቢው በበጌምድርና ስሜን ጠቅላይ ግዛት ሥር ነበር፤ በደርግ ዘመን የጎንደር ክፍለ ሀገር ተባለ። ከዚያ በኋላ የተቋቋመው ሰሜን ጎንደር ዞን በ2010 ዓ.ም. ገደማ ለሦስት ተከፍሎ ማዕከላዊ ጎንደርና ምዕራብ ጎንደር ሲለዩ፣ ሰሜን ጎንደር የሚለው ስም መቀመጫው ደባርቅ ለሆነው ዞን ቀረ። በዚህ ምክንያት ከክፍፍሉ በፊት ስለ «ሰሜን ጎንደር» የተጻፈ አኃዝ መተማንና የጎንደርን ዙሪያ ጭምር ያካትታል፤ ከዛሬው ዞን አኃዝ ጋር በቀጥታ ሊነጻጸር አይችልም።

የእንስሳትና የሰዎች ስም

የእንስሳትና የዕፅዋት ጥናት ሲፈለግ ሳይንሳዊ ስም ከሁሉም ይበልጥ አስተማማኝ ነው። ቀይ ቀበሮ በእንግሊዝኛ «የስሜን ቀበሮ»፣ «የስሜን ጃካል»፣ «የአቢሲኒያ ተኩላ» እና «የኢትዮጵያ ተኩላ» ተብሏል፤ ሳይንሳዊ ስሙ ካኒስ ሲመንሲስ ግን ሁሉንም ያገናኛል። ዋልያ በካፕራ ዋሊ፣ ጭላዳ ዝንጀሮ በቴሮፒቴከስ ጌላዳ፣ ገብስ በሆርዲየም ቩልጋሬ ይፈለጋሉ።

በታሪክ ምንጮች የሰዎች ስም እንደ ጸሐፊው ቋንቋ ይለያያል። የስሜኑ ገዥ ደጃዝማች ውቤ ኃይለ ማርያም በ1855 እ.ኤ.አ. በደረስጌ በካሣ ኃይሉ፣ በኋላ በዐፄ ቴዎድሮስ፣ ተሸንፈዋል። በፈረንሳይኛ ምንጮች የእሳቸው ስም በ«ኦ-ዩ»፣ በብዙ የእንግሊዝኛ ጽሑፎች በ«ደብሊው» ይጀምራል። የ19ኛው ክፍለ ዘመን ተጓዦችን ጽሑፍ የሚፈልግ ተማሪ ሁለቱንም መሞከር ይኖርበታል።

የደራሲ ስም ሌላው መሰናክል ነው። በኢትዮጵያ የአባት ስም የቤተሰብ ስም አይደለም፤ የውጭ የመረጃ ቋቶች ግን እንደዚያ ይቆጥሩታል። የታሪክ ምሁሩ ባሕሩ ዘውዴ በአንዱ ካታሎግ በ«ባሕሩ»፣ በሌላው በ«ዘውዴ» ሥር ይገኛሉ። ሁለቱንም ቅደም ተከተሎች መሞከር፣ የመጀመሪያው ስም በአንድ ፊደል ሊያጥር እንደሚችልም ማስታወስ ያስፈልጋል።

የዘመን አቆጣጠርና የተቋማት ስም

የኢትዮጵያ ዘመን አቆጣጠር ከአውሮፓው በሰባት ወይም በስምንት ዓመት ያንሳል። ከመስከረም 1 እስከ አውሮፓውያን ዓመት መጨረሻ ያለው ልዩነት ሰባት፣ ከዚያ እስከ ጳጉሜን ያለው ስምንት ነው። ስለዚህ 2010 ዓ.ም. የሚል ጽሑፍ ሲፈለግ የመረጃ ቋቱ የዓመት ማጣሪያ ከ2017 እስከ 2018 መሆን አለበት። በ1976፣ በ1987 እና በ1999 ዓ.ም. የተካሄዱት የሕዝብና ቤት ቆጠራዎች በእንግሊዝኛ ሰነዶች የ1984፣ የ1994 እና የ2007 ቆጠራዎች ተብለው ይገኛሉ። «የ2007 ቆጠራ» የሚለውን በአማርኛ ጽሑፍ ውስጥ «እ.ኤ.አ.» ሳይጨምሩ መገልበጥ አንባቢውን በስምንት ዓመት ያሳስታል።

ተቋማትም ስማቸውን ይለውጣሉ። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ከ1961 እ.ኤ.አ. እስከ አብዮቱ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ይባል ነበር። የጎንደር ዩኒቨርሲቲ በ1954 እ.ኤ.አ. የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ሆኖ ተመሥርቶ በኋላ የጎንደር ሕክምና ሳይንስ ኮሌጅ ተብሏል። የቆዩ የዳባት የጤና ጽሑፎችን በደራሲው ተቋም ለመፈለግ ሦስቱንም ስሞች መጠቀም ይገባል።

በአማርኛ መፈለግ

በአማርኛ ሲፈለግ የሚያጋጥመው ዋና ችግር ተመሳሳይ ድምፅ ያላቸው ፊደላት ናቸው። ለኮምፒውተር ሰ እና ሠ፣ አ እና ዐ፣ ጸ እና ፀ፣ ሀ፣ ሐ እና ኀ ፍጹም የተለያዩ ምልክቶች ናቸው። የደራሲው ተክለ ጻድቅ መኩሪያ ስም በጸ እና በፀ፣ ተለያይቶና ተገጥሞ ሊጻፍ ይችላል። «ጎንደር» በቆዩ መጻሕፍት «ጐንደር» ተብሎ ይገኛል። «ስሜን» ደግሞ ብዙ ጊዜ «ሰሜን» ተብሎ ስለሚጻፍ ከአቅጣጫው ስም ጋር ይቀላቀላል።

ሁለተኛው ችግር የአማርኛ ቃል ከፊቱም ፊደል መጨመሩ ነው። «የደባርቅ»፣ «በደባርቅ» እና «ከደባርቅ» ለብዙ የፍለጋ ፕሮግራሞች ከ«ደባርቅ» የተለዩ ቃላት ናቸው። የኮከብ ምልክት የሚያገለግለው በአብዛኛው ለቃል መጨረሻ ስለሆነ ቅርጾቹን በ«ኦር» መዘርዘር ያስፈልጋል።

ሦስተኛው ችግር ሰነዱ የተዘጋጀበት መንገድ ነው። የኢትዮጵያ ፊደል በዩኒኮድ የተካተተው በ1999 እ.ኤ.አ. ነው። ከዚያ በፊትና ለብዙ ዓመታት በኋላም እንደ ፓወር ግዕዝና ቪዥዋል ግዕዝ ባሉ ፕሮግራሞች የተተየቡ ጽሑፎች ለዓይን አማርኛ ቢመስሉም በውስጣቸው በሌላ ኮድ የተጻፉ ሊሆኑ ይችላሉ፤ በፍለጋም አይገኙም። በስካነር የተነሡ ገጾችም ምስል ብቻ ከሆኑ እንዲሁ። እንዲህ ያሉ ሰነዶች የሚገኙት በካታሎግ መግለጫቸው ወይም የቤተ መጻሕፍቱን ባለሙያ በመጠየቅ ነው።

የት ይፈለጋል

- ጤና፦ ፐብሜድ። ሙሉ ጽሑፋቸው በነፃ የሚነበቡትን ፐብሜድ ሴንትራል ይዟል።
- ታሪክና ባህል፦ ከ1963 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚታተመው የኢትዮጵያ ጥናት ጆርናል በጄስቶር፣ አናል ዴትዮፒ የተባለው የፈረንሳይኛ ጆርናል በፐርሴ በነፃ ይገኛሉ። ከ2003 እስከ 2014 እ.ኤ.አ. በአምስት ቅጽ የታተመው ኢንሳይክሎፒዲያ ኤቲዮፒካ የስሞችን አጻጻፍና መነሻ ጽሑፎችን ለማግኘት ይረዳል።
- ፓርክና ተፈጥሮ፦ የዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ማዕከል ስለ ፓርኩ ይዞታ የቀረቡ ሪፖርቶችን በድረ ገጹ ያስነብባል። እነዚህ በጆርናል ፍለጋ አይወጡም።
- የመመረቂያ ጥናቶች፦ የአዲስ አበባና የጎንደር ዩኒቨርሲቲዎች ዲጂታል ማከማቻዎች።
- የአፍሪካ ጆርናሎች፦ አፍሪካን ጆርናልስ ኦንላይን።
- የአማርኛ መጻሕፍትና የቆዩ ጋዜጦች፦ በተለምዶ ወመዘክር የሚባለው ብሔራዊ ቤተ መዛግብትና ቤተ መጻሕፍት፣ እንዲሁም በስድስት ኪሎ የሚገኘው የኢትዮጵያ ጥናት ተቋም ቤተ መጻሕፍት።

ብዙ ጆርናሎች በክፍያ ይነበባሉ። በ2002 እ.ኤ.አ. በዓለም ጤና ድርጅት የተጀመረው ሂናሪና እሱን ያቀፈው ሪሰርች ፎር ላይፍ ዝቅተኛ ገቢ ባላቸው አገሮች ላሉ ተቋማት ጽሑፎችን ያለ ክፍያ ወይም በአነስተኛ ክፍያ ያቀርባሉ። መግቢያው ለተቋም የሚሰጥ ስለሆነ ተማሪው የዩኒቨርሲቲውን ቤተ መጻሕፍት ይጠይቃል። በጉግል ስኮላር «ሁሉም ቅጂዎች» የሚለውን ማየትም አንዳንድ ጊዜ ደራሲው በነፃ ያስቀመጠውን ቅጂ ያስገኛል።

ከአንድ ጽሑፍ ወደ ሌላው

አንድ ጥሩ ጽሑፍ ከተገኘ በሁለት አቅጣጫ መሄድ ይቻላል። ወደ ኋላ ሲኬድ የጽሑፉ ዋቢዎች ዝርዝር ይታያል፤ ወደ ፊት ሲኬድ ጽሑፉን የጠቀሱ አዳዲስ ሥራዎች ይታያሉ። ከኒቨርጌልት የ1981 እ.ኤ.አ. መጽሐፍ ተነሥቶ የጠቀሱትን መከተል ስለ ዋልያ በቀጣዮቹ ዐሥርታት የተጻፈውን ያሳያል፤ ጸሐፊዎቹ «ስሜን»ን በየትኛውም አጻጻፍ ቢጽፉ ጥቅሱ ያገናኛቸዋል።

ኢንተርኔት በሚቆራረጥበት ቦታ የቃላቱን ዝርዝር አስቀድሞ በወረቀት ማዘጋጀት፣ በግንኙነቱ ጊዜ ማጠቃለያዎችን ማስቀመጥና በኋላ ማንበብ ጊዜ ይቆጥባል። ዞቴሮ የተባለው ነፃ ፕሮግራም የተገኙትን መዝገቦች ያከማቻል፤ ያለ ኢንተርኔትም ይሠራል።

ባዶ ውጤት ምን ይነግራል

«ምንም አልተገኘም» የሚል መልስ የሚያሳየው በዚያ ቀን፣ በዚያ የመረጃ ቋት፣ በተጻፉት ቃላት የተመሳከረ መዝገብ አለመኖሩን ነው። ስለዚህ ጥሩ የፍለጋ መዝገብ አራት ነገሮች ይይዛል፦ የመረጃ ቋቱን ስም፣ የተጻፉትን ቃላት በትክክለኛ አጻጻፋቸው፣ የዓመት ማጣሪያውንና የተፈለገበትን ቀን። ይህ በመመረቂያ ጽሑፉ ዘዴ ክፍል ውስጥ ሲገባ አማካሪውም ሆነ ቀጣዩ ተማሪ ፍለጋውን ደግሞ ማየት ይችላል።

ጉዳዩ የጽሑፍ ሥርዓት ብቻ አይደለም። በዳባት ቀበሌዎች ያሉ ቤተሰቦች ከ1996 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሲቆጠሩና ሲጠየቁ ቆይተዋል። ቀደም ብሎ የተመለሰን ጥያቄ እንደ አዲስ ይዞ መሄድ መላሾቹ ከእርሻቸውና ከቤት ሥራቸው የሚሰጡትን ጊዜ ያባክናል። የቀደመውን ያገኘ ተማሪ ግን ያልተጠየቀውን መጠየቅ፣ የቆየውን አኃዝ ከአዲሱ ጋር ማነጻጸርና ለውጡን ማሳየት ይችላል።